ጋቢህ ዛሬም ገመድ ላይ ነው

ይድረስ ለእሸቴ፣ ለጌታዬ።

ደብዳቤ ሲጀመር መጀመሪያ የሚጠየቀው ጤና ነው። አንተን ስለ ጤና ብጠይቅህ እዚያው ሆነህ ትስቅብኛለህ። ስለዚህ ሌላ ልጠይቅህ፤ ይበርድሃል ወይ? እኔን ካልክ ጉልበቴ አንዴ ሲሻለው አንዴ ሲብሰው ሰንብቷል፣ ዓይኔም ደከም ብሏል። ምላሴ ግን እንደምታውቀው ነው፣ ምንም አልሆነም። ከተለየኸን ወዲህ ሁለተኛው ክረምት ገብቶ ወጣ። ይኸው መስከረምም አልቆ ሰማዩ ጠርቷል። እኔ ጓሮ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተው ስለሆንክ ጽሑፌ ቢንጋደድ የሚያፍረው አስተማሪው ነው።

ከራሴ በላይ ጋቢህ ይወዛወዛል። ዛሬም ገመድ ላይ ነው። አንድ የነበረው ለምን ብዙ ቁራጭ እንደሆነ ሳትቆጣ ስማኝ። ይህን ወረቀት የያዝኩት ለዚሁ ነው።

የምልህ አዲሱን አይደለም፣ አሮጌውን ነው። ልጃችንን ሙሉን ያረገዝኩ ዓመት ደጃፍ ተቀምጬ የፈተልኩትን፣ ሸማኔው ክሩ ቀጠነብኝ እያለ እየተነጫነጨ የሠራውን። እሱን ለብሰህ ያልሠራኸው ሥራ የለም። ዝናብ ሲመጣ ትከናነበዋለህ፣ ፀሐይ ሲከር እንጨት ላይ ዘርግተህ ትጠለልበታለህ፣ መንገድ ላይ ሲመሽብህ ትተኛበታለህ። ገና የተወለደ ግልገል ታቅፈህበት መጥተሃል። ሙሉን ልናስከትብ ስንሄድ ያዘልካት በሱ ነው፤ አባወራ ልጅ አዝሎ አይተው ሴቶቹ ሲሳሳቁ አንተ ምንም አልመሰለህም። መካነ ሰላም ገበያ ስትወጣ ጨውን በአንዱ ጫፍ፣ ሽንኩርቱን በሌላው ጫፍ ቋጥረህ ትከሻህ ላይ ጣል ታደርገውና ትመጣለህ። ባለሱቁ ፌስታል ሲሰጥህ አጣጥፈህ ትመልስለታለህ። የእሸቴ ጋቢ ውስጥ ሌላ ሱቅ አለ እያሉ ያሾፉብህ ነበር፤ እኔም እውነቱን ለመናገር አብሬያቸው አሾፍብህ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በዳማ እንደሆነ ግን አልረሳሁም። ያች ላማችን ሆዷ ተነፍቶ ሳር አልበላ ብላ፣ አንተም ስታሻት ውለህ፣ እጅህ ላይ የሞተች። ቆዳዋ ሲገፈፍ ከሆዷ የወጣው ፌስታል ነው፤ ተድቦልቡሎ፣ ቀለሙ እንኳ ሳይለቅ። በዚያው ጋቢ ተጀቡነህ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥክ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ፌስታል የሚባል ነገር ደጃፍ አላለፈም። ውሃ የተሸጠበት ጠርሙስ እንኳ ማር ወይ ዘይት ሳይያዝበት አትጥልም ነበር።

አንተ ያረፍክ ለታ ግን የሆነውን ባየህ። ዘመዶቻችን ከደሴ ሲመጡ ለአልቃሹ አስበው አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ኩባያና ሳህን በካርቶን ጭነው መጡ። ሀዘንተኛ ዕቃ አጠባ ላይ እንዳይውል ብለው ነው፣ አይፈረድባቸውም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣ። ኩባያው ሁሉ እየተንከባለለ ድንኳኑን ጥሎ ወደ ታች ወረደ። ቀና ብዬ ሳይ አንተ አርሰህ ሳትዘራው የሄድከው ማሳ ላይ ነጭ ኩባያ ተዘርቶበታል። ሰው የማለቅሰው ላንተ መሰለው። ላንተም ነበር፤ ለማሳውም ነበር።

ከአርባህ በኋላ እንደ ወጉ ልብስህን ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ሰጠሁ። አዲሱን ጋቢ፣ ኮትህን፣ ጫማህን ሰጠሁ፤ አሮጌውን ጋቢ ግን ይኼን አልሰጥም ብዬ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። እሳቸውም አየት አደረጉትና ያለቀ ነገር ስለሆነ አልተከራከሩኝም። እህትህ እትዬ አስረሴ ግን ከጎኔ ቆመው ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ለሟች የሚገባውን አስቀርቼ የበደልኩህ መሰላቸው። የሳቸው አይገርመኝም፣ እኔ ግን ያስቀረሁት ለልብስነቱ አይደለም። ያንተ ሽታ ነበረበት። የበሬ፣ የጭስ፣ የደረቀ ሳርና ያንተ የብቻህ የሆነ ሽታ። ማታ ትራሴ ላይ አደርገውና እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ከዚያ ክረምቱ ሲከር በሕልሜ መምጣት ጀመርክ። ሁልጊዜ ንጋት ላይ ነው የምትመጣው። ጭጋጉ ከሸለቆው ወጥቶ አጥሩን ውጦታል፣ ከጭጋጉ መሐል አንተ በሸሚዝ ብቻ ቆመሃል። እጅህን ብብትህ ውስጥ ወሽቀህ ትንቀጠቀጣለህ። ግባ እልሃለሁ፣ አትገባም። የሆነ ነገር የምትጠብቅ ትመስላለህ፣ ምን እንደሆነ ግን አትናገርም። ስነቃ ጋቢህ ጉንጬ ሥር ሞቋል፤ እኔ በሱ ሞቆኝ አንተን ይበርድሃል። እንዴት እንደሚያንገበግብ ብነግርህ አትችለውም።

ለእትዬ አስረሴ ነገርኳቸው። ልብሱን ነው የሚጠይቅሽ፣ ለሌለው ስጪለት አሉኝ። ሰጠሁ። መጀመሪያ ብርድ ልብሱን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ለሚቀመጡት ሽማግሌ ሰጠሁ። አልቀረህም፣ መጣህ። ኩታዬን ሰጠሁ። መጣህ። አሮጌ ነጠላ፣ የአልጋ ልብስ፣ ሙሉ በልጅነቷ የለበሰችው ቀሚስ ሳይቀር፣ ከጥጥ የተሠራ ነገር ሁሉ ከቤት ወጣ። አንተ ግን ያው በሸሚዝህ፣ ያው ከአጥሩ ማዶ። እትዬ አስረሴም የሚጠይቅሽ የደበቅሽውን ነው እንጂ ሌላውን ምን ያደርግለታል አሉኝ። እውነት መሰለኝ። አንዴ እንዲያውም አጣጥፌ ይዤው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ደርሻለሁ። በሩ ላይ አሸተትኩትና ተመለስኩ።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ አንድ ነገር ወሰንኩ። ማሳህ ላይ ሁለተኛ ኩባያ አይዘራም። ለዘመዶቹ ምንም እንዳታመጡ ብዬ ላክሁባቸውና ከየጎረቤቱ ብርጭቆውን፣ ጣሳውን፣ ቅሉን፣ ሸክላውን ለመንኩ። የማን እንደሆነ እንዳይጠፋኝ በየዕቃው ላይ ክር አሰርኩ፤ ለአንዱ ቤት ቀይ፣ ለአንዱ ቢጫ፣ ለአንዱ አረንጓዴ። ብልጠቴን ብታይ ትኮራብኝ ነበር። ታዲያ ማጠብ ሲጀመር ክሩ ሁሉ እየረጠበ ወልቆ ገንዳው ውስጥ ተንሳፈፈ። ማን የማንን ይዞ እንደሄደ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ጎረቤታችን ዘይነባ ጣሳውን እያገላበጠች ወላሂ ይኼ የኔ አይደለም፣ የኔው ጎኑ የተጨረመተ ነበር ስትል አንድ ሳምንት ከረመች። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆዬ አንቺ ጋ ይሆን እንዴ እያለ የማይመጣ የለም። ይመጣሉ፣ መደርደሪያውን ያያሉ፣ ሳያገኙት ቁጭ ብለው ያወራሉ። የሚጣለው ኩባያ ቢሆን ኖሮ ማን ተመልሶ ይመጣ ነበር? ቤቱ ካንተ በኋላ ጭር ብሎብኝ ነበር፣ አሁን የጠፋ ጣሳ የሚፈልግ ሰው አያጣም።

ሐምሌ ላይ ልጃችን ሙሉ ልትወልድ ከደሴ መጣች። የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነ እናቷ ቤት መታረስ አለባት ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ። በአንድ ሻንጣ የራሷን ልብስ፣ በሁለት ሻንጣ ዳይፐር ጭና መጣች። ሴት ልጅ ወለደች፣ እሸቴ። ግንባሯ ያንተ ነው፣ ስትቆጣ አፏን የምታሾለውም ያንተ ነው። ስሟን ትርሲት ብለናታል።

ዳይፐሩን መጀመሪያ ወድጄው ነበር። አይታጠብ፣ አይጠመዘዝ፣ ቀይሮ መጣል ብቻ። ችግሩ የት እንደሚጣል ነው። ብናቃጥለው እየተንተከተከ ይሸታል እንጂ አይነድም። ብንቀብረው ውሻ ያወጣዋል። መምሬ ለአራሷ ጠበል ሊረጩ የመጡ ቀን የኛው ውሻ አንዱን በአፉ አንጠልጥሎ መጣና እግራቸው ሥር አስቀመጠላቸው። የተጠቀለለ ዳቦ መስሏቸው ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ እኔ እንዴት ከመደቡ እንደ ዘለልኩ አላውቅም፣ ያ የሚያመኝ ጉልበት ያን ቀን አልነበረም። ሙሉ ደግሞ ትራሷን ነክሳ ትስቃለች። ከሁሉ የከፋኝ ግን ሌላ ነው። የተረፈውን ውሻው እየጎተተ ወስዶ ማሳህ ላይ ይበታትነው ጀመር።

ነሐሴ ሲገባ ዝናቡ መንገዱን ቆረጠው። መኪናው ሁሉ ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ ሱቆቹ ባዶ ሆኑ፣ የሙሉም ሻንጣ ባዶ ሆነ። የመጨረሻዎቹን ቶሎ ላለመጨረስ ሳትቀይር ስታቆይባት የልጅቷ ጭን ተላጦ በሽፍታ ቀላ። ስታለቅስ ድምፅዋ ይቆራረጣል፣ ሙሉም አብራት ታለቅሳለች። ጨርቅ ፍለጋ ሣጥኑን ገለበጥኩ። የት ይገኛል? የጥጥ የሆነውን ሁሉ አንተ እንዳይበርድህ ብዬ ሰጥቼ ጨርሻለሁ። ከጎረቤት የተገኘውም ሰልባጅ ናይለን ነው፣ ውሃ አይመጥም፣ ልጅቷን ይባስ አቃጠላት። ጥጥ የሆነ በቤቱ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም ትራሴ ላይ ነው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ በቀትር ቤቱ ጨልሞ ነበር። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩና ስፌቱን መተርተር ጀመርኩ። በመቀስ ሳልነካው መጀመሪያ ድርቡን ለያየሁት። ውስጡ እንደ አዲስ ነጭ ነበር፤ ከውጭ ያለው ፀሐይና ጭስ ያየው ሲሆን የውስጡ ያኔ የፈተልኩት ክር ሆኖ ቆይቷል። ሙሉ ሆዴ ውስጥ ስትራገጥ እንዝርቱን እያቆምኩ እንዴት እንደምስቅ ትዝ አለኝ። ከዚያ ቆረጥኩት። ስቆርጠው አንተን ይቅርታ አልጠየቅሁህም፣ ልጅቷ እያለቀሰች ጊዜ አልነበረኝም። ይቅርታ የጠየቅሁህ ሳጥበው ነው። ለሕፃን ስለሆነ መቀቀል ነበረበት። ድስቱ ሲፈላ ያንተ ሽታ በእንፋሎቱ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። በሩን ዘጋሁትና እንፋሎቱ ውስጥ ቆምኩ። ሲቀዘቅዝ ጨርቁ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ አንተ የለህበትም።

ልጅቷ ቶሎ ዳነች። በጋቢህ ተጠቅልላ ያን ቀን ተኝታ ዋለች። እኔ ግን ንጋት ንጋት ላይ ነቅቼ እጠብቅህ ጀመር፣ አንተም መምጣት ተውክ። በሸሚዝህም፣ ከአጥሩ ማዶም፣ በጭጋጉ ውስጥም የለህም። አንዳንድ ቀን ሕልም ባላይም ዓይኔን ጨፍኜ አጥሩን አስበዋለሁ፣ ጭጋጉ አለ፣ አንተ የለህም። ሽታህን በእጄ አጥቤ አወጣሁት፣ አሁን ደግሞ መልክህን ተነጠቅሁ አልኩ። ስትንቀጠቀጥ ባይህ ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ምኞት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን ተመኘሁት።

ይባስ ብሎ እትዬ አስረሴ ሰሙ። በዚያ ጭቃ መጡና ገመዱ ላይ የተሰጣውን አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ አዩት። የወንድሜን ልብስ ለነዳይ ከልክለሽ ለልጅ ሽንት አደረግሽው ወይ አሉኝ። ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። ዘይነባ ከአጥሯ ማዶ ሆና ሁሉን ሰምታለች፣ መቼም የማትሰማው የለም። ቆየት ብላ ለሌለው ስጪ ነው የተባልሽው፣ ይች ልጅ ምን አላት፣ ክር እንኳ ሳይዙ ነው የሚመጡት አለችኝና ጣሳዋን ልትፈልግ ገባች። ነገሩ ልቤ ውስጥ ቀረ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አላሳረፈኝም። ዘይነባ የምትለውን አንተ ትለው እንደሆነ ማን ይነግረኛል?

ከዚያ ወዲህ ኑሯችን በጨርቅ ዙሪያ ሆነ። ጠዋት ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት አጥባለሁ፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል አሰጣለሁ፣ ሲያጉረመርም ሮጬ አነሣለሁ። ሙሉ መንገዱ ሲከፈት እገዛለሁ ትል ነበር፤ መንገዱ ተከፈተ፣ አልገዛችም። ማሳውን ራሷ ዞራ ውሻው የበተነውን በዱላ እየለቀመች አመጣችው። ለራሷም የወር አበባ ጊዜ የሚሆን ከዚያው ጋቢ ሰፍታ አስቀምጣለች። እንዲህ ያለው ነገር ለአባት አይነገርም ነበር፣ አንተ ግን አሁን ሁሉን ታያለህ ብዬ ነው። ውሻውም ሥራ ፈትቶ ደጅ ይተኛል።

ባለፈው ትርሲት ክርስትና ተነሣች። እትዬ አስረሴ ይቀራሉ ብዬ ነበር። መጡ፣ ብብታቸው ሥር ጥቅል ይዘው። ጭኔ ላይ ጣሉት። የራሳቸው አሮጌ ኩታ ነው፤ ተቆራርጦ፣ ጫፍ ጫፉ በእጅ ተቀምቅሞ፣ ታጥቦ። ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸውን ሸሹ። ከዚያ ቀስ ብለው ይመጣልሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይመጣም አልኳቸው። ለኔም ሲመጣ ነበር፣ ቀረ አሉ። ለሳቸውም ትመጣ እንደነበር ያን ጊዜ ገና መስማቴ ነው። ሁለታችንም እኩል ባንተ ተጨንቀን፣ እኩል ተኳርፈን ኖርን ማለት ነው። ተላቀስን። ልጅቷን አንስተው ግንባሯን ሲያዩ ደግሞ እንደ አዲስ አለቀሱ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ትናንት እዚሁ ገመድ ሥር ልጅቷን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ተቀምጬ ነበር። ፀሐዩ ለስላሳ ነው፣ ጨርቁ ከላዬ ሲወዛወዝ ጥላው ፊቴ ላይ ይመላለሳል። ሳላውቀው ዓይኔ ተከደነ። ጭጋግ አልነበረም። አጥሩ ክፍት ነው፣ አንተ ገብተህ መጣህ። ጋቢህን ለብሰሃል፣ ሙሉውን፣ አንድም ቦታ ሳይቆረጥ። አትንቀጠቀጥም። አጠገቤ መጥተህ ጫፉን ከትከሻህ ላይ አነሣህና ጨመቅኸው፣ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ረጥበህ ነበር፣ እሸቴ። ከትከሻህ እስከ ወገብህ ረጥበህ፣ ያን የልጅ ሳቅህን ትስቃለህ። ምንድነው ልልህ ስል ነቃሁ። ቀሚሴ ከጭኔ እስከ ጉልበቴ ርሷል፣ ትርሲት ቁልጭ ቁልጭ እያለች ታየኛለች። ጨርቅ ነዋ፣ እንደ ዳይፐር አይይዝም፣ ያልፋል። ላንተም ደርሶሃል።

ስለዚህ በመጀመሪያው መስመር ይበርድሃል ወይ ያልኩህ ለወጉ ነው። እትዬ አስረሴ ጋ ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ፣ ከዚያ ረጥቦ እንዳይታመም ብለው ተቆጡ።

ሽታህን እኔው አጥቤ አውጥቼዋለሁና በሱ አላስታውስህም። በእጄ አስታውስሃለሁ። ትርሲት ስታድግ ቁራጮቹን ቀቅዬ ለሙሉ ለሚቀጥለው ልጇ አኖራለሁ፣ እሱም ሲያልፍ መወልወያ ይሆናሉ፣ ሲበጣጠሱም ለኩራዝ ክር። የምጥለው የለኝም፣ አንተም ውስጡ አለህ። ጫፉን ብቻ፣ ጨውን ትቋጥርበት የነበረውን፣ ሳልቆርጥ ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። እኔ ስመጣ አጣጥፈው ከራሴ ሥር እንዲያደርጉልኝ ለሙሉ ነግሬያታለሁ።

ልጅቷ ተነሥታለች፣ ገመዱ ላይ ያለውም ደርቋል። ላውርደው።

ያንተው ጥሩ